ጧፍ ያሳየውን ስልክ አይሰውርብን

ባለፈው የትንሣኤ ሌሊት፣ በባሕር ዳር ከተማ ከጣና ሐይቅ ዳር ባለው በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ቅጽር ውስጥ፣ ምእመናን ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ጧፋቸውን ይዘው የምሥራቹን ቃል በሚጠባበቁበት ሰዓት፣ እኔም ከእናቴ አጠገብ ቆሜ ነበር። ከሐይቁ የሚመጣው ቀዝቃዛ ነፋስ የጧፉን ነበልባል ባዘነበለው ቁጥር እናቴ በግራ መዳፏ እየከለለች ታቀናዋለች፤ ያን ጊዜም ብርሃኑ ከመዳፏ ተመልሶ ከአገጯ ወደ ላይ ይወጣና የጉንጮቿን መስመር፣ የነጠላዋን ጥለት፣ ገና ልጅ ሳለች በትውልድ ቀዬዋ በግንባሯ ላይ የተነቀሰችውን መስቀል አንድ በአንድ ያሳያል። ይህን መልክ ለልጆቼ ላቆይ ብዬ ስልኬን አወጣሁና አነሣኋት። በስልኩ መስተዋት ላይ መጀመሪያ ብቅ ያለው ሥዕል ጤፍ የተበተነበት ሰሌን ይመስል ነበር፤ ይሁን እንጂ መስቀሉ በውስጡ ይታያል። ዓይኔን ሳልነቅል ስመለከተው ግን፣ ለዓይን ጥቅሻ ያህል በቀረበ ጊዜ ውስጥ፣ ነቁጡ ሁሉ ቀለጠ፤ ፊቷም ቅቤ እንደ ጠጣ ቆዳ ለሰለሰ፤ መስቀሉም ከነቁጡ ጋር አብሮ ሄደ።

በማግሥቱ ከፍስክ በኋላ ሥዕሉን ባሳየኋት ጊዜ ስልኩን ከዓይኗ አራቅ አድርጋ ይዛ ጥቂት ተመለከተችና፣ «ልጄ፣ ይቺ እኔን ትመስላለች፤ መስቀሌን ግን የት አደረግኸው?» አለችኝ። እኔ አንዳች አላደረግሁም፤ ያደረገው ስልኩ ነው። ነገር ግን ይህን ማለት ለጥያቄዋ መልስ ሊሆናት እንደማይችል ስለ ተረዳሁ ዝም አልሁ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮም ነገሩን ሳብሰለስለው ቆይቻለሁ።

ኑሮ በከበደበትና ሰላም በራቀበት ዘመን ስለ ስልክ ካሜራ በጋዜጣ መጻፍ ቅንጦት የሚመስለው አንባቢ ቢኖር አልፈርድበትም። ሆኖም የአያቶቻችን ዘመን መልክ ከእኛ ዘንድ የደረሰው ካሜራ ከያዙ ጥቂት እጆች ነው፤ በዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ የነበረው አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጅያን፣ ከእርሱም በኋላ ልጆቹ ያስቀሩልን ሥዕል ዛሬ እንደ ታሪክ ሰነድ ይጠቀሳል። በዚያን ጊዜ የጥቂቶች የነበረው ሥራ ዛሬ በእያንዳንዱ ሰው ኪስ ውስጥ ገብቷል፤ የልጆቻችን ልጆች እኛን፣ ቤተ ክርስቲያናችንን፣ ሐይቃችንን የሚያውቁት በስልክ በተነሣ ሥዕል ይሆናል። ስለዚህ ያ ሥዕል እውነተኛ ምስክር ነው ወይስ አይደለም ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። የእኔ አሳብ ይህ ነው፤ በጨለማ የተነሣ ሥዕል ነቁጥ ቢበዛበት ነውር አይሆንበትም፤ ነውር የሚሆንበት የነበረውን ደምስሶ ያልነበረውን ሲመሰክር ነው። ስልክ የሚሠሩት ሰዎች የማለስለሱን ሥልጣን ለባለስልኩ ሊሰጡት፣ እኛም ያልለሰለሰውን ሥዕል እንደ ዋና ቅጂ ልንጠብቀው ይገባናል።

ይህ አቤቱታ ከስሜት ብቻ የመነጨ እንዳይመስል የነገሩን ሥርወ ምክንያት መመርመር ያስፈልጋል። ብርሃን እንደ ወራጅ ውኃ የማይቋረጥ ቢመስለንም፣ በእውነቱ ግን ፎቶን በሚባሉ እጅግ ደቃቅ ጠብታዎች ተከፍሎ የሚመጣ መሆኑን የፊዚክስ ሊቃውንት ካስተማሩ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗል። ከካሜራው ሌንስ በስተኋላ ያለው ሴንሰር እነዚህን ጠብታዎች የሚቀበሉ ብዙ ሚሊዮን ዕቃዎች፣ ማለት ፒክስሎች፣ የተደረደሩበት ጠፍጣፋ ገጽ ነው። በሐምሌ ዶፍ ጊዜ በግቢ ውስጥ መቶ ጣሳ ብንደረድር ሁሉም እኩል የሞሉ ይመስላሉ፤ በካፊያ ጊዜ ግን አንዱ ሰባት ጠብታ፣ ሌላው አሥራ አንድ፣ ሦስተኛው ስድስት ሲቀበል እናገኛለን፤ ዝናቡ ለሁሉም አንድ ሆኖ ሳለ ጣሳዎቹ የተለያየ ነገር ይናገራሉ። የሒሳቡም ሕግ የታወቀ ነው፤ እያንዳንዱ ዕቃ በአማካይ 100 ጠብታ ሲቀበል መለያየቱ 10 ያህል፣ ማለት ከመቶው አሥር እጅ ነው፤ 9 ጠብታ ብቻ ሲቀበል ግን መለያየቱ 3፣ ማለት ሲሶ ይሆናል። በሥዕል ላይ ነቁጥ ሆኖ የሚታየው፣ ባለሙያዎች ኖይዝ የሚሉት ነገር ከሞላ ጎደል ይኸው መለያየት ነው። እንግዲህ ነቁጡ በአብዛኛው የስልኩ ጉድለት ሳይሆን የብርሃን የራሱ ጠባይ መሆኑን፣ ብርሃኑም ባነሰ ቁጥር ጠባዩ እየጎላ እንደሚሄድ ልብ ማለት ይገባል።

ጨለማውስ ምን ያህል ጨለማ ነው? የቀትር ፀሐይ በጣና ላይ ስታርፍ ብርሃኗ 100,000 ሉክስ ያህል ይደርሳል፤ ከአንድ ሻማ አንድ ሜትር ርቆ በቆመ ሰው ፊት ላይ የሚያርፈው ብርሃን ግን 1 ሉክስ ያህል ብቻ ነው። የሰው ዓይን ይህን ከመቶ ሺህ አንድ የሆነ ብርሃን በትዕግሥት ይለምደዋል፤ ከውጭ ገብቶ ግማሽ ሰዓት ያህል በጨለማ የቆየ ሰው መጀመሪያ ያላየውን እያየ ይሄዳል። ስልክ ግን ይህን ሁሉ በቅጽበት፣ ያውም በጠባብ ገጽ ላይ እንዲሠራ ይገደዳል። ትልቁ የባለሙያ ካሜራ 36 በ24 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ ማለት 864 ካሬ ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ሴንሰር ሲኖረው፣ በብዙ ስልኮች ውስጥ ያለው ግን ወደ 24 ካሬ ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ትልቁ ሠላሳ ስድስት ጊዜ ያህል ይበልጠዋል። በማስታወቂያ የሚነገረው የሜጋ ፒክስል ብዛትም ይህን አያድነውም፤ ያንኑ ጠባብ ግቢ በብዙ ጥቃቅን ጣሳ መሙላት የሚወርደውን ዝናብ አያበዛውምና።

ይህን ችግር ለማቃለል እስከ ዛሬ የተፈለሰፉት ዘዴዎች በአራት ይከፈላሉ፤ እነዚህንም በምስክር ሥርዓት መስዬ ባስረዳ የሚቀል ይመስለኛል። የመጀመሪያው ምስክሩ ረዘም ላለ ጊዜ እንዲመለከት ማድረግ ነው፤ የካሜራው መዝጊያ ለአንድ ሰከንድ ክፋይ ብቻ መከፈቱ ቀርቶ ለሙሉ ሰከንድ ቢከፈት ብዙ ጠብታ ይሰበሰባል። እክሉ ግን የሰው እጅ መንቀጥቀጡና ተነሺውም አለመርጋቱ ነው።

ሁለተኛው ዘዴ ምስክሮችን ማብዛት ነው። በኦሪትም በወንጌልም ነገር የሚጸናው በሁለት ወይም በሦስት ምስክር እንደ ሆነ የታወቀ ነው፤ የኮምፒዩተር ጠቢባንም ያደረጉት ይህንኑ የሚመስል ነው። ስልኩ አንድ ጊዜ ሲጫኑት አንድ ሥዕል ብቻ የሚያነሣ ይመስላል፤ በውስጡ ግን በፍጥነት ብዙ ሥዕሎችን ያነሣና አንዱን በሌላው ላይ አስተካክሎ አማካያቸውን ይወስዳል። ዘጠኝ ሥዕል ቢደመር ነቁጡ ወደ ሲሶ፣ አሥራ ስድስት ቢደመር ወደ ሩብ ይወርዳል። ሁዋዌ በመጋቢት 2010 ዓ.ም. ባወጣው ስልክ፣ ጉግል በኅዳር 2011 ዓ.ም. እስከ አሥራ አምስት ሥዕል በሚደምረው የሌሊት ሥርዓቱ፣ አፕልም በ2012 ዓ.ም. መባቻ በአይፎን 11 ለሕዝብ ያቀረቡት ናይት ሞድ የተባለው ዘዴ መሠረቱ ይህ ነው። ይህን ሥራ ከልብ አመሰግናለሁ። አሥራ አምስቱም ሥዕሎች በእርግጥ በቦታው የነበረውን አይተዋል፤ ሁሉም ያዩት ነገር ይጸናል፤ አንዱ ብቻ ያየው ነቁጥ በስምምነት ይወድቃል። እዚህ ውስጥ ፈጠራ የለም። ጉድለቱ ካህናቱ በማኅሌት ጊዜ መቋሚያቸውን እያነሡ ሲያሸበሽቡ፣ ወይም የታቦቱ ድባብ በነፋስ ሲወዛወዝ፣ ምስክሮቹ በአንድ ቃል መስማማት ስለማይችሉ ሥዕሉ መደብዘዙ ወይም ወደ አንድ ምስክር መመለሱ ነው።

ሦስተኛው ዘዴ ምስክሩን ዝም ማሰኘት ነው፤ ማለስለስ የምለውም ይህን ነው። እያንዳንዱ ፒክስል የተናገረው ከጎረቤቶቹ ቃል ጋር ይነጻጸርና የተለየ ነገር የተናገረው ወደ ጎረቤቶቹ አማካይ እንዲመለስ ይደረጋል። ይህ ለጠራ ሰማይና ለተለሰነ ግድግዳ መልካም ነው፤ በእነዚያ ላይ ጎረቤት ከጎረቤት አይለይምና። ነገር ግን የነጠላ ጥለት፣ የሽማግሌ ሽበት፣ የደንገል ታንኳ ጅማት፣ በማለዳ በጣና ላይ የሚሄደው ደቃቅ ሞገድ፣ እነዚህ ሁሉ ነጥብ ከነጥብ የሚለይባቸው ነገሮች ናቸው። ብርሃን ሲያንስ የመሣሪያው ሒሳብ እውነተኛውን ደቃቅ ነገር ከሐሰተኛው ነቁጥ የሚለይበት በቂ ማስረጃ አያገኝም፤ ስለዚህ ሁለቱን በአንድ ፍርድ ይቀጣቸዋል። ሐይቁ ዘይት የፈሰሰበት ይመስላል፤ ታንኳውም ከሸክላ የተሠራ ይመስላል፤ የእናቴም መስቀል የጠፋው በዚህ ፍርድ ይመስለኛል።

አራተኛው ግን ከሁሉ የከፋው፣ በቦታው ያልነበረ ምስክር ማቆም ነው። በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሠለጠነ ሥርዓት ብዙ ሚሊዮን ሥዕሎችን ስለ ተማረ፣ የደበዘዘ ነገር ሲያጋጥመው «ይህ ሊሆን የሚችለው እንዲህ ያለ ነገር ነው» ብሎ ከትምህርቱ ይሞላል። በመጋቢት 2015 ዓ.ም. አንድ ሰው የጨረቃን ሥዕል ሆን ብሎ አደብዝዞ በኮምፒዩተር መስተዋት ላይ አደረገና ክፍሉን አጨልሞ በሳምሰንግ ስልክ ከሩቅ አነሣው፤ ስልኩም በደበዘዘው ሥዕል ላይ ያልነበረውን የጨረቃ ጠባሳ ጨምሮ አወጣለት፤ ኩባንያውም በኋላ የጨረቃን ሥዕል በሰው ሠራሽ አስተውሎት እንደሚያጎላ አስረድቷል። ከዚያ አሥር ዓመት ያህል አስቀድሞ፣ በ2005 ዓ.ም. ክረምት፣ ዴቪድ ክሪሰል የተባለ ጀርመናዊ የኮምፒዩተር ባለሙያ በዜሮክስ ማሽን ስካን የተደረገ የሕንፃ ንድፍ ሲመረምር፣ በክፍሎቹ ላይ የተጻፈው የስፋት ቁጥር በሌላ ቁጥር ተተክቶ አገኘ፤ ማሽኑ ፋይሉን ለማሳነስ ሲል ተመሳሳይ የመሰሉትን ምልክቶች አንዱን በሌላው ተክቶ ነበር። ቁጥሩ ጥርት ብሎ ይነበባል፤ ነገር ግን ሐሰት ነው። የደበዘዘ ሰነድ ሲያጋጥመን እንጠራጠራለን፤ ጥርት ብሎ የሚዋሽ ሰነድ ግን ጥርጣሬያችንን ስለሚያስተኛ ጉዳቱ የበረታ ነው።

ይህን ከእኛ ሐይቅ ጋር ምን አገናኘው የሚል ቢኖር ወደ ዘጌ ይዤው ልሂድ። ከባሕር ዳር ወደብ በጀልባ ተነሥቶ ወደ ዘጌ የሚሻገር ሰው በቡናው ጫካ መካከል አቀበቱን ወጥቶ ወደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ይደርሳል። ቤተ ክርስቲያኑ ክብ ነው፤ በውስጡም ማዕዘናዊው መቅደስ ቆሟል፤ የመቅደሱ የውጭ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች በሥዕል የተሞላ ነው። ከቀትር ፀሐይ ወደ ቅኔ ማኅሌቱ የገባ ሰው መጀመሪያ ጨለማ ብቻ ያያል፤ የቤቱ ጠባቂ ታላቁን የእንጨት በር ሲከፍተው ግን ብርሃኑ እንደ መጋረጃ ተገልጦ በግድግዳው ላይ ያርፋል፤ በላዔ ሰብእም፣ ሰማዕቱ ጊዮርጊስም፣ የእመቤታችን ተአምርም እያንዳንዱ በየቦታው ይነሣል። ሠዓልያኑ ከዚህ ጨለማ ጋር ተዋውቀው የሠሩ ይመስለኛል፤ በጥቂት ብርሃን እንኳ የሚናገሩ ትላልቅ ዓይኖችን ሥለዋልና። በሥርዓታቸውም ጻድቁ በሁለት ዓይኖቹ ፊት ለፊት ሲመለከት፣ ኃጥኡ በአንድ ዓይን ወደ ጎን ዞሮ ይሣላል፤ ስለዚህ በዓይን ላይ ያለች አንዲት የቀለም መስመር የሥነ መለኮት ትርጉም አላት።

በዚህ ቦታ ፍላሽ ማብራት የተከለከለ ነው፤ ተደጋጋሚ ብርቱ ብርሃን ለጥንታዊ ቀለም አይበጅምና መከልከሉ መልካም ነው። ስለዚህ ጎብኚው በጨለማ ያነሣል፤ ስልኩም ያለሰልሳል። ሥዕሉ ለፌስቡክ ሲሆን ያምራል፤ ነገር ግን ከእነዚህ ሥዕሎች ብዙዎቹ በግድግዳ ላይ በተለጠፈ ጨርቅ ላይ የተሣሉ በመሆናቸው፣ ጨርቁ ከግድግዳው ሲላቀቅ፣ ቀለሙ ሲሰነጠቅና ሲላጥ፣ ከጣሪያ የወረደ የዝናብ ውኃ ጠባሳ ሲተው፣ የመጀመሪያው ምልክት ከጸጉር የቀጠነ ስንጥቅ ነው። የጥገና ባለሙያ ያለፈውን ዓመት ሥዕል ከዘንድሮው ጋር እያስተያየ የሚፈልገው ይህንኑ ስንጥቅ ነው። ማለስለሻው ደግሞ አስቀድሞ የሚውጠው ይህንኑ ነው። እንግዲህ የሚታመም ነገር ሳለን ሕመሙን በሚደብቅ መስተዋት እያየነው ነው ማለት ነው።

ከግድግዳው ሥዕል ይልቅ ጉዳዩ የሚብሰው በብራና መጻሕፍት ላይ ነው። ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስን የመሳሰሉ የጣና ገዳማት የመጻሕፍት ግምጃ ቤቶች መሆናቸው የታወቀ ነው። ዛሬ ብዙ የአብነት ተማሪና ብዙ ተመራማሪ ገጹን በስልክ አንሥቶ ይሄዳል፤ ይህም መልካም ትጋት ነው። ነገር ግን ፊደላችንን አስተውሉ። «ቀደሰ» እና «ቀደሱ» የሚለዩት በመጨረሻው ፊደል ቀኝ እግር ወገብ ላይ በወጣች አንዲት አጭር ጭረት ነው፤ ያችን ጭረት የዋጠ ማለስለሻ ብዙ የነበሩትን አንድ ሰው አደረጋቸው ማለት ነው። ከዚህም የሚደቅ አለ፤ በድጓው ላይ ከፊደሉ በላይ የሚጻፈው የቅዱስ ያሬድ ዜማ ምልክት፣ ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ቅናት፣ ጭረት፣ ሂደትና ቁርጥ የሚባለው፣ አንዳንዱ ከነጥብ የማይበልጥ ነው። ነጥብ ሁሉ ነቁጥ ነው ብሎ ለሚያምን መሣሪያ ይህ ሁሉ ቆሻሻ ነው። መርጌታው በእርግጥ ዜማውን በቃሉ ያውቀዋል፤ መርጌታው በሌለበት ጊዜ ግን የሚቀረው ገጹ ብቻ ነው።

የቀደመው ትውልድ ይህን ያውቅ ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1968 ኤርንስት ሐመርሽሚት የተባለው የግዕዝ ሊቅ የጣናን ደሴቶች መጻሕፍት በማይክሮፊልም አንሥቷል፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም፣ በ1973፣ የኢትዮጵያ ብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ድርጅት ሥራውን ጀምሮ 9,000 ያህል መጻሕፍት ተነሥተዋል፤ ቅጂያቸውም በአሜሪካ ሚኒሶታ ኮሌጅቪል በሚገኘው በቅዱስ ዮሐንስ ዩኒቨርሲቲ ይገኛል፤ ሊቁ ጌታቸው ኃይሌም የብዙዎቹን ዝርዝር በማዘጋጀት ዕድሜያቸውን ፈጅተዋል። ማይክሮፊልም ጥቁርና ነጭ ነው፤ ቀለም የለውም፤ አጉልተው ሲያዩት የብር ቅንጣቱ እንደ አሸዋ ይታያል። ሆኖም ያ አሸዋ የማንንም ፊደል ፈልስፎ አያውቅም፤ ፊደሉ ካለ አለ፤ ከሌለም የለም። ሊቃውንቱ በዚያ ነቁጣም ፊልም አምነው ያነበቡት ስለዚህ ነው።

ስለ መልካችንም የሚባል አለ። የቀለም ፊልም በተስፋፋበት ዘመን የኮዳክ ኩባንያ ቀለሙን የሚያስተካክልበት ናሙና የነጭ ሴቶች ሥዕል እንደ ነበረና በዚህም ምክንያት ጥቁር ፊት በፊልም ላይ ሲበደል እንደ ኖረ የታወቀ ታሪክ ነው። በስልኩም ዘመን ችግሩ ሌላ መልክ ያዘ። በነጭ ነጠላ የተከበበ ጠይም ፊት በጧፍ ብርሃን ሲቆም፣ ካሜራው ነጩን አይቶ ብርሃኑን ይቀንሳል፤ ፊቱ ይጨልማል፤ ቀጥሎ ሒሳቡ የጨለመውን ፊት በግድ ሲያፈካው ነቁጡም አብሮ ይፈካል፤ ከዚያም ማለስለሻው በፊቱ ላይ ከነጠላው ይልቅ ይበረታበታል። ስለዚህ በአንድ ሥዕል ውስጥ የሸማው ድር ተርፎ የሰውዮው ፊት ይጠፋል። ቴክኖን የሚሠራው የትራንሽን ኩባንያ ካሜራውን ለጥቁር ቆዳ እንዲስማማ በማድረጉ በአፍሪካ ገበያ መወደዱ፣ ጉግልም በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ሪል ቶን ያለውን ማስተካከያ ማውጣቱ፣ ችግሩ እውነተኛ እንደ ነበረ ራሳቸው ሠሪዎቹ የመሰከሩበት ነው። ይህን እናመሰግናለን። ነገር ግን ፊትን ማፍካት አንድ ነገር፣ ፊትን መጠበቅ ሌላ ነገር ነው፤ ቀለሙ ተስተካክሎ መስመሩ ከተደመሰሰ ግማሹ ፍትሕ ብቻ ተፈጽሟል። የማለስለሱ ብርታት ደግሞ የሚበዛው ሴንሰሩ ጠባብ በሆነበት በርካሽ ስልክ ላይ ስለሆነ፣ መልኩ የሚሰወረው ከሁሉ አስቀድሞ የድኻው ነው።

«ሰው የሚወደው የጠራ ሥዕል ነው፤ ነቁጣም ሥዕል ማን ይፈልጋል?» የሚል ተቃውሞ እንደሚመጣ አውቃለሁ፤ ተቃውሞውም ሚዛን የሚደፋ እውነት አለው። ቅዳሜና እሑድ በጣና ዳር በዘንባባው ሥር የሚነሡትን ሙሽሮች የሚያይ ሰው፣ ውበትን መፈለግ የሰው ልጅ ጤነኛ ጠባይ መሆኑን አይክድም። ሙሽራዋ ፊቷ እንዲለሰልስላት ብትሻ መብቷ ነው፤ የምትሻውን የምታውቅ እርሷ ናትና። እኔ የምቃወመው ሳይጠየቅ የሚደረገውን ነው። እናቴን ማንም አልጠየቃትም፤ እኔንም ማንም አልጠየቀኝም። ኩል የሚኳል ሰው በፈቃዱ ይኳላል፤ ተኝቶ ሳለ ፊቱን የሚቀቡት ሰው ግን ተበድሏል። ማለስለሻው ጨርሶ ይጥፋ አልልም፤ ቁልፉ በባለቤቱ እጅ ይሁን እላለሁ።

ስለዚህ ሦስት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፣ ስልክ የሚሠሩ፣ የሚያስመጡና በአገራችን የሚገጣጥሙ ድርጅቶች በተራው ካሜራ ውስጥ፣ በአማርኛ ተጽፎ በግልጽ የሚታይ፣ ማለስለስን የሚቀንስና የሚያጠፋ መምረጫ ያኑሩልን፤ በአብዛኛው በውድ ስልኮች የሚገኘውን፣ ራው የሚባለውን ያልተነካ ፋይልም ለርካሾቹ አይንፈጉ፤ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ከራሱ የጨመረው ነገር ካለም በሥዕሉ ፋይል ላይ ይጻፍ። ሁለተኛ፣ ገዳማቱ፣ የክልሉ የባህልና ቱሪዝም መሥሪያ ቤትና የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ በአንድነት መክረው የብራናና የግድግዳ ሥዕል የሚነሣበትን ሥርዓት ይደንግጉ፤ ይኸውም ያለ ፍላሽ፣ በትራይፖድ፣ ብዙ ጊዜ በማንሣት፣ ያልተነካውን ፋይል በማስቀመጥ ይሁን። ተራ ስልክ እንኳ በትራይፖድ ላይ ረግቶ ለረጅም ጊዜ ቢመለከት ብራና አይንቀሳቀስምና ድንቅ ሥራ ይሠራል።

ሦስተኛው ለእያንዳንዳችን ነው። በጨለማ ስታነሡ አስቀድማችሁ ብርሃን ፈልጉ፤ በሩን ክፈቱ፤ ጧፉን ወደ ፊት አቅርቡ። ክንዳችሁን ከዓምድ ወይም ከግድግዳ አስደግፉ፤ ትንፋሻችሁን ያዙ። በመስተዋቱ ላይ የሰውዮውን ፊት እንጂ ነጠላውን አትንኩ፤ ካሜራው ብርሃኑን የሚለካው በተነካው ቦታ ነውና። «ማሳመሪያ» የሚለውን ሁሉ አጥፉ፤ ስልካችሁ ራው የሚሰጥ ከሆነ ክፈቱት። ሥዕሉን በቴሌግራም ስትልኩ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩት፤ በፎቶ መልክ ሲላክ ይጨመቅና ከተረፈው ደቃቅ ነገር ሌላ ክፍል ይጎድልበታልና። እኔም ይህንኑ አድርጌ፣ መብራት በጠፋበት አንድ ምሽት፣ ስልኬን ከሞሰቡ ላይ በመጽሐፍ አስደግፌ፣ እናቴ በሻማ ፊት ቡና ስትቀዳ አነሣኋት። ሥዕሉ ነቁጥ የሞላበት ነው፤ ግድግዳውም የሻገተ ይመስላል፤ ነገር ግን ግንባሯ ላይ መስቀሉ አለ። አሳትሜ ሰጠኋት፤ ከአልጋዋ ራስጌ ሰቅላዋለች።

የቀድሞ እናቶች የግንባር መስቀል በትውልዳችን እየቀረ ነው፤ ያሉንም በየዓመቱ እያነሱ ይሄዳሉ። የዑራ ግድግዳ፣ የክብራን ብራና፣ በጣና ላይ የሚንሳፈፈው የደንገል ታንኳ ሁሉ በዚያው መንገድ ላይ ናቸው። አንባቢ ሆይ፤ እነዚህን ገና ሳሉ አንሣቸው፤ በጥቂት ብርሃንም ቢሆን አንሣቸው፤ የለሰለሰውን ለወዳጅህ ብትልክም፣ ነቁጣሙን አታጥፋው፤ ለልጆችህ የሚመሰክርላቸው እርሱ ነው።